በብቸኛው ነጋዴ ደብተር ያልተጻፈው ወጪ

ከመርካቶ ተራዎች በአንዱ ሰኞ ጠዋት አንድ ሱቅ ተዘግቶ ቢታይ፣ ጎረቤቶቹ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ «ማን ተክቶት ይከፍታል?» ብለው አይጠይቁም። የሚተካው እንደሌለ ያውቁታል። ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው ኪስ ነው። የአከፋፋዮቹ ቁጥር ያለው በዚያው ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ማን ስንት ብር ዱቤ እንደወሰደ የተመዘገበው በዚያው ሰው ጭንቅላት ነው። ሰውየው ሲታመም ሱቁም አብሮ ይታመማል።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል የአገራችን ሰው። ይሁን እንጂ ሁለት መሆን ለሁሉም ነጋዴ የሚቻል አይደለም። የመነሻ ገንዘቡ ለሁለት አይበቃም፤ የሚታመን ሸሪክ አይገኝም፤ ሱቁም ሁለት ቤተሰብ አያስተዳድርም። በመሆኑም በየከተማው ከሚታዩት የችርቻሮ ሱቆች፣ የልብስ ስፌት ቤቶች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎችና ጥገና ቤቶች ብዙዎቹ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ቆመው ይገኛሉ።

እነዚህ ድርጅቶች ሲዘጉ ምክንያቱ ሁልጊዜ ገበያ መጥፋቱ አይደለም። ገበያ እያለ፣ ዕቃም እየተሸጠ ቀስ በቀስ የሚከስሙ ብዙዎች ናቸው። ለዚህም ዋናው ምክንያት ነጋዴው በደብተሩ ላይ ያልጻፈው አንድ ትልቅ ወጪ መኖሩ ነው። ያ ወጪ እርሱ ራሱ ነው።

ትርፍና ደመወዝ ሲቀላቀሉ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቸርቻሪ በወር 150,000 ብር ይሸጣል እንበል። የዕቃው መግዣ 120,000 ብር ነው፤ ልዩነቱ 30,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 12,000 ብር ለሱቅ ኪራይ፣ 4,000 ብር ደግሞ ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለጥበቃና ለማጓጓዣ ይወጣል። 14,000 ብር ይቀራል። ነጋዴው «በወር 14,000 ብር አተርፋለሁ» ይላል።

እውን ይህ ትርፍ ነው? ሰውየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በወር 26 ቀን ይቆማል። ይህም 312 ሰዓት ነው። 14,000 ብር ለ312 ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 45 ብር እንኳ አይሞላም። በእርሱ ቦታ ቆሞ የሚሸጥ ሠራተኛ በ8,000 ብር ቢቀጠር የሚቀረው 6,000 ብር ብቻ ነበር።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። በሱቁ ውስጥ በዕቃ መልክ የተቀመጠው ካፒታል 360,000 ብር ነው እንበል። ይኸው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 25,200 ብር፣ በወር 2,100 ብር ያስገኝ ነበር። ይህም ከ6,000 ብሩ ሲቀነስ ንግዱ እንደ ንግድ ያስገኘው ትርፍ 3,900 ብር ይሆናል። ከዚህም ላይ ግብር አለ።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለወረቀት ብቻ አይደለም። 14,000 ብር አተርፋለሁ የሚል ነጋዴ ሁለተኛ ሱቅ ሊከራይ ይነሳል። በሁለተኛው ሱቅ ግን እርሱ ሊቆም አይችልም፤ ሠራተኛ መቅጠር አለበት። ያን ጊዜ የጠበቀው 14,000 ብር ወደ 6,000 ብር ዝቅ ይላል፤ ሠራተኛው ለአዲሱ ሱቅ ደንበኛ እስኪያፈራ ድረስ ደግሞ እርሱም ላይገኝ ይችላል። ብዙ «ማስፋፊያዎች» ነባሩን ሱቅ ይዘው የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ነጋዴው ለራሱ ደመወዝ ይቁረጥ። በዚህ ምሳሌ 8,000 ብር ደመወዝ ቢሆን፣ በወሩ መጨረሻ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ፈርሞ ይውሰድ። ከዚያ ውጪ ከመሳቢያው የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ይመዝገብ። ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለለቅሶ፣ ለእንግዳ እየተባለ ከመሳቢያው የሚመዘዘው ገንዘብ ካልተጻፈ ሱቁ እየበላ ያለው ቤት ይሁን ገበያ ማወቅ አይቻልም።

የተዘጋ ሱቅም ኪራይ ይከፍላል

ብቸኛው ነጋዴ ቢታመም ምን ይሆናል? ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሱቁ ለ10 የሥራ ቀናት ቢዘጋ፣ በወሩ ይገኝ ከነበረው የ30,000 ብር ልዩነት 11,500 ብር ያህሉ ይቀራል። ኪራዩ ግን አይቀርም። ጥበቃውም ይከፈላል። በወሩ መጨረሻ ከወጪ ተርፎ የሚገኘው 2,500 ብር አይሞላም። ቤተሰቡ ግን እንደ ወትሮው 14,000 ብር ይፈልጋል፤ ሕክምናውም ተጨማሪ ነው።

የጎደለው ከየት ይመጣል? ከዕቃው። ዕቃ ተሽጦ ገንዘቡ ለቤት ይውላል፤ በቦታውም አዲስ አይተካም። በሚቀጥለው ወር መደርደሪያው ይሳሳል። ደንበኛ የፈለገውን ሲያጣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የ10 ቀን ሕመም በዚህ መንገድ የዓመት ጉዳት ይሆናል።

በአገራችን ነጋዴው ለክፉ ቀን የሚተማመንበት ዕድር አለው። ዕድር ግን ቀባሪ ነው እንጂ ሱቅ ከፋች አይደለም። ነጋዴው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ታሞ ሲተኛ ግን ኪራዩን የሚከፍልለት የለም። ስለዚህ የሁለት ወር ኪራይና የሁለት ወር የቤት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ከሱቁ ሒሳብ ተለይቶ እስኪጠራቀም ድረስ አዲስ ዕቃ ማብዛት ወይም ሱቅ ማስፋት አስተማማኝ እርምጃ አይደለም። ይህ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይገኝም። በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት፣ በነጋዴው ስም በተለየ የባንክ ደብተር የሚቀመጥ ነው።

ከሕመም ሌላ እሳትም አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ሀብት አውድሟል። የእሳትና የስርቆት መድን ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሙሉ ሀብቱ በአንድ ክፍል ውስጥ የተደረደረ ሰው ግን ከማንም ይልቅ ያስፈልገዋል። መድን ያልገባም ቢሆን የዱቤ ደብተሩንና የግዢ ደረሰኞቹን ግልባጭ ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶግራፍ ከሱቁ ውጪ ማስቀመጥ አለበት። ዕቃው ከተቃጠለ በኋላ ደብተሩም አብሮ ከነደደ፣ በሰው እጅ ያለውን ገንዘብ እንኳ መሰብሰብ ያስቸግራል።

የተሸጠው ዕቃ ሲተካ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዚያ ወቅት በሱቃቸው የቆየ ዕቃ የነበራቸው አንዳንድ ቸርቻሪዎች «አተረፍን» ብለው ነበር። ትርፉን ለቤት ካዋሉ በኋላ ወደ አከፋፋይ ሲሄዱ ግን የያዙት ገንዘብ የሸጡትን ያህል ዕቃ መልሶ አልገዛላቸውም።

ለምሳሌ በ4,000 ብር የተገዛ አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ በ5,000 ብር ተሸጠ እንበል። በደብተር 1,000 ብር ትርፍ ይታያል። የሚተካው ጥቅል በጅምላ 5,200 ብር ከገባ ግን ነጋዴው 200 ብር ጎድሎታል። ከ«ትርፉ» 400 ብር ለቤት አውጥቶ ከሆነ ጉድለቱ 600 ብር ደርሷል። እንዲህ እያለ የሚሸጥ ሰው በብር ሲቆጠር ያደገ፣ በዕቃ ሲቆጠር ያነሰ ይሆናል።

ዋጋ በሚለዋወጥበት ጊዜ መታየት ያለበት ዕቃው የተገዛበት ብቻ ሳይሆን የሚተካበት ዋጋም ነው። ብቸኛ ነጋዴ ዋጋ ለመጠየቅ ሱቁን ዘግቶ ስለማይዞር ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት አከፋፋዮች ጋር በየሳምንቱ በስልክ ዋጋ መጠያየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። በሌላ በኩል በዚያው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች ታሽገዋል። አዲሱ የግዢ ደረሰኝ በእጁ ያለ ነጋዴ ዋጋ የጨመረበትን ምክንያት ማስረዳት ይችላል፤ የሌለው ግን ከቃሉ በቀር የሚያቀርበው ነገር የለውም።

ዱቤና ዕቁብ

ዱቤ ደንበኛን ያቆያል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን ዱቤ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ መጀመሪያ በዕቃው፣ ቀጥሎ በጊዜው። ለመሰብሰብ ሲወጣ ሱቁ ይዘጋልና።

ከመሸጫ ዋጋው 20 በመቶ የሚያተርፍ ነጋዴ የ1,000 ብር ዱቤ ቢጠፋበት የ800 ብር መግዣ ጠፋበት ማለት ነው። በ1,000 ብር ሽያጭ የሚያገኘው 200 ብር በመሆኑ፣ የጠፋውን 800 ብር ለመመለስ ሌላ የ4,000 ብር ዕቃ መሸጥ ይኖርበታል። ይህም ኪራዩና ጉልበቱ ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዱበኛ ጣሪያ ማበጀትና የመክፈያ ቀኑን ጽፎ ማስፈረም ይገባል። አሮጌው ሳይከፈል አዲስ ዱቤ አለመስጠትም ወዳጅነትን የሚጎዳ ሳይሆን የሚጠብቅ ነው።

ዕቁብ ደግሞ ባንክ ፊት ላልሰጠው ነጋዴ ትልቅ መከታ ሆኖ ኖሯል። 50 አባላት በየሳምንቱ 2,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 100,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጣለት ሰው ያለወለድ ብድር አገኘ ማለት ነው። በመጨረሻ የሚደርሰው ግን ያለወለድ ቆጥቧል፤ በመካከሉ ዋጋ ከናረ 100,000 ብሩ በመጀመሪያ ያስበውን ዕቃ ላይገዛለት ይችላል።

ለብቸኛ ነጋዴ ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ዕቁብ በሕመምም ሆነ በገበያ መቀዝቀዝ አይቆምም። በሳምንት 2,000 ብር የሚጥል ሰው በወር ከ8,000 ብር በላይ ግዴታ ገብቷል። ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት ደግሞ ዋሶቹም በእርሱ ጤንነት ላይ ተንጠልጥለዋል። ዕቃን ከመግዣው በታች እየሸጡ ዕቁብ መጣል በየተራው የሚታይ ነገር ነው። በመሆኑም የዕቁብ መጠን መወሰን ያለበት በመስከረምና በበዓል ሰሞን በሚገኘው ገቢ ሳይሆን ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወር ከቤት ወጪ በሚተርፈው ገንዘብ ነው።

«ሰው አይታመንም»

ብቸኛ ነጋዴዎች ለምን ረዳት እንደማይቀጥሩ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ሰው አይታመንም» የሚል ነው። መልሱ ከልምድ የመጣ ነውና የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው መሆን ያለበት ሰው ይታመናል ወይስ አይታመንም ሳይሆን፣ ቢጎድል እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው።

ለዚህ የሳምንት ቆጠራ በቂ ነው። ሁሉም በመግዣ ዋጋ ይሰላል። ሰኞ ጠዋት በሱቁ የ300,000 ብር ዕቃ ነበር እንበል። በሳምንቱ የ40,000 ብር ዕቃ ገባ። በሚቀጥለው ሰኞ ሲቆጠር 312,000 ብር ሆነ። 340,000 ብር መሆን ከነበረበት ላይ 28,000 ብር ወጥቷል፤ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ይህ ነው። ትርፉ ከመሸጫው 20 በመቶ ከሆነ ሽያጩ 35,000 ብር አካባቢ መሆን አለበት። በመሳቢያ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ በባንክና በቴሌብር የገባው፣ በሳምንቱ ከመሳቢያው ተከፍሎ የተመዘገበው ወጪና በዱቤ የተሰጠው ተደምሮ 33,000 ብር ቢሆን 2,000 ብር ጎድሏል ማለት ነው።

የጎደለው ሁሉ ግን ተሰርቋል ማለት አይደለም። ለደንበኛ የተቀነሰ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ሳይጻፍ የወጣ ዱቤ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ራሱ ለቤቱ የወሰደው አምፖልም ሊሆን ይችላል። ቆጠራው ለጥቂት ሳምንታት ረዳት ሳይቀጠር ቢሞከር፣ ነጋዴው በራሱ እጅ ምን ያህል እንደሚጎድል ያውቃል። ይህን ካወቀ በኋላ ረዳት ሲቀጥር የሚለካበት ሚዛን አለው ማለት ነው። ሺህ ዓይነት ዕቃ ያለው ሱቅ በየሳምንቱ ሁሉንም መቁጠር ካልቻለ፣ ውድና ቶሎ የሚሸጡትን ሃያ ዓይነቶች ብቻ በቁጥር መከታተል ይችላል።

መጀመሪያ ለሙሉ ቀን ሠራተኛ መቅጠርም አያስፈልግም። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው ካለ ነጋዴው ዕቃ ለመግዛት፣ ዱቤ ለመሰብሰብ፣ ባንክና ቀበሌ ለመሄድ ሱቁን አይዘጋም። ከሁሉም በላይ ሲታመም ቁልፉን የሚያውቅ ሰው ይኖረዋል። ከገጠር የመጣን ዘመድ በመኝታና በምግብ ብቻ ማሠራት ርካሽ ይመስላል። ደመወዙ ያልታወቀ ሠራተኛ ግን ደመወዙን ራሱ ይወስናል፤ የሚወስደውም ከመሳቢያው ነው።

ደብተርና ግብር

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የነበሩትን ደረጃ «ሐ» ብሎ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይጥልባቸው በግምት ቁርጥ ግብር እንዲከፍሉ አድርጎ ነበር። የደረጃ አመዳደቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ በ2009 ዓ.ም. የሆነው ነገር ዛሬም ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ዓመት የቀን ገቢ ግምት ተካሂዶ ውጤቱ በክረምቱ ሲነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ቅሬታ አሰሙ፤ በአንዳንድ ከተሞችም ሱቆች ተዘጉ።

አንድ ነጋዴ በቀን ይህን ያህል አልሸጥም ሲል የሚጠየቀው «ስንት ትሸጣለህ?» ተብሎ ነው። ደብተር ያለው ሰው መልሱን ከገጹ ያሳያል። ሕግ ያላስገደደውን ደብተር መያዝ ለገቢ መሥሪያ ቤት ሲባል የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ነጋዴው ራሱን የሚከላከልበት ማስረጃ ነው።

ሕጉ የከፈተው በር

በግለሰብ ስም የንግድ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ሰው የሱቁ ዕዳ የራሱ ዕዳ ነው። ሱቁ ቢከስር ባለገንዘቦች ወደ ቤቱና ወደ ሌላው ንብረቱ ሊሄዱ ይችላሉ። ለረጅም ዘመን የሠራው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎችን ይጠይቅ ስለነበር፣ ብዙዎች የሚስታቸውን ወይም የወንድማቸውን ስም ለይስሙላ ያስገቡ ነበር። ይህም በፍቺና በውርስ ጊዜ ብዙ ክርክር ሲያስነሳ ኖሯል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ በአንድ ሰው ብቻ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል። ሕጉ ባለቤቱ ቢሞት ወይም ሥራውን መምራት ቢያቅተው የሚተካ ሰው ከወዲሁ እንዲሰየም ማሰቡም ለዚህ ጉዳይ ዋና ነጥብ ነው። ሕግ አውጪው «ማን ተክቶት ይከፍታል?» የሚለውን ጥያቄ ጠይቋል ማለት ነው።

ማኅበር ማቋቋም ግን ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። መዝገብ መያዝንና የሒሳብ ባለሙያ ወጪን ያስከትላል። ባለቤቱ የማኅበሩን ገንዘብ ከኪሱ ጋር ከቀላቀለ ሕጉ የሰጠውን ከለላ ሊያጣ ይችላል። ባንኮችም ብድር ሲሰጡ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱን የግል ዋስትና ስለሚጠይቁ፣ ለዚያ ዕዳ መጋረጃው ይቀደዳል። ስለዚህ ከመሳቢያው የሚወስደውን ገና የማይጽፍ ነጋዴ ወደ ውል አዋዋይ ከመሄዱ በፊት ደብተር ቢገዛ ይሻለዋል።

በቅድሚያ የሚደረገው

ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር አይቻልም። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

አንደኛ፣ የሱቁና የቤቱ ገንዘብ ይለይ፤ ነጋዴው ለራሱ ደመወዝ ይቁረጥ። ሁለተኛ፣ ዱቤው፣ የአከፋፋዮች ስልክና የግዢ ዋጋዎች ከጭንቅላት ወጥተው በወረቀት ይስፈሩ፤ ግልባጩም ከሱቁ ውጪ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ውድና ቶሎ የሚሸጡ ዕቃዎች በየሳምንቱ ይቆጠሩ። አራተኛ፣ የሁለት ወር ኪራይና የቤት ወጪ ይጠራቀም። አምስተኛ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሱቁን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይልመድ።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ነጋዴው ራሱን መፈተን ይችላል። ቤቱ ውሎ ሱቁን ለሦስት ቀን ለረዳቱ ይተው። በአራተኛው ቀን መጥቶ ይቁጠር። ሒሳቡ ከተገናኘና ደንበኛም ካልሸሸ ንግድ አለው ማለት ነው። በሦስቱ ቀን ሁሉ ነገር ከቆመ ግን ያለው ንግድ ሳይሆን ፈቃድም ሕመምም የማይፈቀድበት ቅጥር ሥራ ነው። ቀጣሪውም ሠራተኛውም እርሱ ራሱ ነው፤ ደመወዙንም እስካሁን አልጻፈውም።